ሟቹ የተነሳ ቀን

ሰፈርተኛው «ሟቹ» ይለዋል። ስድብ አይደለም፤ ሥራው ነው! አዘቦት ቀን ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሰው ፀጉር ይቆርጣል፣ ቀረጻ ሲኖር ደግሞ ሄዶ ይሞታል። በፊልም ያልሞተው ሞት የለም፤ ተመርዟል፣ ተወግቷል፣ ከፎቅ ተወርውሯል፣ አንዴማ ገና አፉን ሳይከፍት መኪና ገጭቶታል። አወዳደቁ ግን ሲያምር! ሚስቱ ብቻ አንዱንም ፊልም ጨርሳ አላየችም። እሱ ሲወድቅ እሷ ከሲኒማ ቤቱ ውልቅ። «ባሌ ሲሞት ለማየት ነው እንዴ ቲኬት የገዛሁት?» ትላለች።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ደወለ። የሹፌር ቦታ፣ ያውም እስከ መጨረሻው በሕይወት! ሟቹ ግማሽ ጭንቅላቱን የተላጨ ደንበኛውን ወንበር ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ በረረ።

«ዘንድሮ አልሞትም!»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት!»

«ኧረ እሳቸውንም ተዋቸው፤ ብቻ አንተ እንዳትሞትብኝ» አለች እየሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ «እስከ መጨረሻው ካለህ፣ እኔም እስከ መጨረሻው አያለሁ» አለችው። ይህን ቃል ሲጠብቅ ነው የሸበተው።

ቀረጻው ቀላል ነበር። ተኩስ ይሰማል፣ መሪ ተዋናዩ ይቆስላል፣ ሹፌሩ ደግፎ መኪና ውስጥ ያስገባዋል።

«አክሽን!» ጧ! ሟቹ ክንብል።

«ከት! ምን ሆንክ?»

«ሞትኩ» አለ እንደተጋደመ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ደገሙት። ጧ! ክንብል። የለመደ ጉልበት ምን ያድርግ! አሁን ዳይሬክተሩ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ፀሐይዋ እያመለጠችን ነው። ሹፌሩ ካልተረፈ ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

ጧ! አሁንም ወደቀ። ዓይኑን ሊከድን ሲል ሚስቱ ከሲኒማ ቤቱ ወንበሯ ስትነሳ በሐሳቡ ታየችው። ኧረ አይደረግም! በእንብርክኩ ድሆ የመሪ ተዋናዩን ኮሌታ ጨመደደና እየጎተተ መኪናው ውስጥ ከተተው። ዳይሬክተሩ «ከት» ማለቱን ረስቶ ቆየ።

«እንዲህ አድርግ አላልኩህም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ግን ይህን ቀረጻ ማንም እንዳይነካው! ይኸው ነው!»

ፊልሙ የወጣ ዕለት ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጧ! ሹፌሩ ወደቀ። ሚስት ቦርሳዋን አንስታ ብድግ። «ውሸታም!»

«ኧረ ቆይ! እነሳለሁ!» ብሎ ጮኸ።

«ፊልሙን አበላሸህብን እኮ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ተነሳ! ሹፌሩ እየዳኸ ቁስለኛውን ሲጎትት አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሚስቱ ቦርሳዋን እያወዛወዘች፣ «ጎትተው! ጎትተው፣ የኔ ጀግና!» ትላለች። «እትዬ፣ ይቀመጡልን እንጂ!» ቢሏት ማን ሊሰማ! መብራት እስኪበራ ቆማ አየችው።