እማዬ ስታዲየም የመጣች ቀን

የእርጥብ ሣር፣ የላብና የጡንቻ ቅባት ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ ውጭ አገር ባደግንበት በቶርንክሊፍ ፓርክ ሰፈር ያለው አፓርታማችን መግቢያ ላይ የሚጋደመው የወንድሜ የናሆም ቦርሳ ድቅን ይልብኛል። ናሆም ዩኒቨርሲቲ በገባ በዓመቱ የትምህርት ቤቱን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ተቀላቅሎ ስለነበር፣ ያ ቦርሳ ከነሐሴ ጀምሮ በራችንን ዘግቶ ይከርም ነበር።

እማዬ ያንን ኳስ አቅፎ የሚሮጥን ሰው መሬት የሚጥሉበትን ጨዋታ መጀመሪያ በቲቪ ያየች ቀን ክው አለች። «ይሄማ ፈቃድ የወጣለት ድብድብ ነው! የሰው ልጅ እየጣልክ እንድትኖር ነው ያሳደግኩህ?» ናሆም እየሳቀ፣ «እማዬ፣ ጌም ነው እኮ!» ቢላት ወይ ፍንክች። ስንት ተለምና በመጨረሻ አንድ ጨዋታ አይታ ልትወስን ተስማማች፤ ካልጣማት ግን ለከርሞ ፉትቦል የሚባል ነገር የለም። እሱም ሃያ ዓመቱ ቢሆንም የእናቱን ቃል የሚጥስ ልጅ አልነበረምና እሺ አለ።

መስከረም ጠብቶ የየመንገዱ ቅጠል ሲቀላ፣ ናሆም ጉልበቱ አብጦ እያነከሰ ይመጣ ነበር፤ እማዬም ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ ደክማ ገብታ፣ እያጉረመረመች በረዶ ትይዝለት ነበር። እኔ ግን ያንን ማሊያ ለብሶ ሲንጎራደድ ማየት ነፍሴ ነበርና፣ ስተኛ «ጌታዬ፣ የእማዬን ሆድ አራራልኝ» እያልኩ እጸልይ ነበር።

ብርዱ ጥርስ ማንገጫገጭ ሲጀምር የሲዝኑ የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰና፣ እማዬ ጃኬቷ ላይ ጋቢ ደርባ ስታዲየም ገባች። ገና ከመጀመሩ አንዱ ሲወድቅ «እኔን!» አለች። ሌላው ሲወድቅም «እኔን!» የኛም ይሁን የባላጋራ፣ ለሷ ሁሉም የሰው ልጅ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ የሚወድቅ መች ይጠፋል! ፊታችን የተቀመጡት ፈረንጆች ዞር እያሉ ሲያዩን፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሊያልቅ ሲል በትንሽ ነጥብ እየተመራን ነበር። የባላጋራው ልጅ ኳሱን አቅፎ ሲሮጥ ናሆም ተወርውሮ ጣለው፤ ኳሱም ከእጁ አፈትልኮ ወጣ። ስታዲየሙ በጩኸት ተናጋ፤ ያንን ኳስ ብናገኝ እኮ አለቀላቸው! ናሆም ወደ ኳሱ ተንደርድሮ ሳይጨርስ ዞር ሲል፣ የጣለው ልጅ አልተነሳም። ኳሱን ትቶ ተመለሰና አጠገቡ ተንበርክኮ ሐኪሞቹን በእጁ ይጠራ ጀመር። ኳሱን እነሱው መልሰው ወሰዱት፤ ተሸነፍን። አሰልጣኙ ኮፍያውን አውልቆ መሬት ላይ ሲወረውረው፣ እኔ የናሆም ነገር አበቃ ብዬ አለቀስኩ።

ናሆም አንገቱን ደፍቶ ወጣ። «አበላሸሁት እማዬ» አላት።

«ልጁስ?»

«ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ አሁን ኦኬ ነው።»

እማዬ ጋቢዋን አውልቃ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችና፣ «በል፣ ለከርሞም ተጫወት» አለችው። በደስታ ዘለልኩ። አሰልጣኙም ሲጮህበት ሰንብቶ ሳያባርረው ቀረ።

ዛሬ ናሆም ኖርዝ ዮርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ ልጆች ፉትቦል ያሰለጥናል፤ የኔም ልጅ እሱ ጋ ይጫወታል። ያኔ እማዬ የምትሳሳው ለናሆም አጥንት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልጄ አንዱን ሲጥል እኔም እንደ ሰዉ እልል ብዬ ብድግ እላለሁ፤ ዞሮ የጣለውን ልጅ እስኪያይ ድረስ ግን አልቀመጥም።