አራት ካሴት በአንድ ዲቪዲ

ከቤት የወጣሁበት ምሽት ይዘንብ ነበር። አባዬ ሻንጣዬን ለሦስተኛ ጊዜ የከፈተው በርበሬው እንዳይፈስ ሰግቶ መስሎኝ ነበር፤ የሚፈልገው ግን ዲቪዲውን ነው። በነጠላዬ እጥፋት መሐል መኖሩን በጣቱ ዳስሶ ዘጋው።

ቤታችን አራት የቪዲዮ ካሴቶች ነበሩ፦ የእህቴ ሰርግ፣ መልሱ፣ የእኔ ምረቃና የታናሽ ወንድሜ ክርስትና። እናቴ ካረፈች ወዲህ የምናያት እነሱ ውስጥ ነው። አባዬ አራቱም በአንድ ዲቪዲ እንዲገለበጡ ፈለገ። «ሁለት ከያዝሽ አንዱ ይጠፋል፤ አንድ ከሆነ ትጠነቀቂያለሽ።»

በሰፈራችን በአብነት ቪዲዮ ቤት ላላቸው ለጋሼ ሱልጣን ወሰድኳቸው። እያፈራረቁ አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ካልጨመቅሁት አይገባም፤ በጣም ከጨመቅሁት ሙሽራዋ ጭጋግ ትሆናለች። ክርስትናውን ተይው በቃ። ጎረቤት የቀረጸው ነው አይደል? ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ጫጫታ ነው።»

«እሱም ይግባልኝ» አልኩ፣ አቀርቅሬ።

ምክንያቱን መናገር ነበረብኝ። በሌሎቹ ላይ ቀራጮቹ ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ስለጫኑባቸው እናቴ አፏን ትከፍታለች፣ የሚሰማው ዘፋኙ ነው። በራሷ ድምፅ የምትናገረው ክርስትናው ላይ ብቻ ነው። ይህን ብናገር እንባዬ የሚቀድመኝ መሰለኝና ካሴቶቹን ትቼላቸው ወጣሁ።

ዲቪዲው የደረሰው በምበርበት ዕለት ነው። «ከሰርጉ ጭፈራ ቆርጬ ሁሉንም አስገባሁልሽ» አሉ ጋሼ ሱልጣን። «አሳምሬልሻለሁም። የመንገድ ስጦታዬ ነው።»

የኖርዌይዋ በርገን መስከረም የሌለው ሐምሌ ናት። አብነት ታክሲ ውስጥ የማታውቁት ሰው ልጁን ጭናችሁ ላይ ያስቀምጣል፤ እዚህ አውቶቡሱ ሞልቶ እንኳ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ይሄዳል። የተከራየሁት ሂብል የሚሉትን የተማሪ ክፍል ነው፣ ከአንዲት አሮጊት ቤት ሥር። አንድ እሑድ ዲቪዲውን ከፍቼ ሳይ አከራዬ ዘፈኑን ሰምተው አንኳኩ። ሊቆጡኝ መስሎኝ ተነሣሁ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አገራችሁ ሰው ሁልጊዜ ይጨፍራል?»

«ሲቀረጽ ነው» አልኳቸው።

ክርስትናው ደረሰ። እናቴ ትሪ ይዛ ወደ ካሜራው ዞረችና አንድ ነገር ተናገረች። ዘፈን ወጣ።

«እኚህ ሴትዮ ምን አሉ?» አሉኝ አከራዬ።

ጋሼ ሱልጣን አሳምረውልኝ ነበር።

አባዬ ጋ ደወልኩ። ካሴቱ አለ፤ የካሴት ማጫወቻ ዴካችን ግን ከተበላሸ ቆይቷል። በሳምንቱ ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘነቡ ተውሶ ጠበቀኝ።

«ስልኩን ቴሌቪዥኑ ጋ አስጠጋዋለሁ። አድምጪ።»

እፍ እፍ የሚል ነፋስ ሰማሁ፤ የሰሃን ኳኳታ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ ከሩቅ ደግሞ የሴት ይሁን የወንድ ያልለየሁት ድምፅ። ከዚያ አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰማሻት?»

«ሰማኋት፣ አባዬ።»

«እኔን ትተህ ልጆቹን ቅረጽ ነው የምትለው። ቁርጥ አንቺን!» ሳቀ፣ ሳቁ መሐል ላይ ቀረ። «ቆይ፣ ልድገምልሽ።»

ዴኩ ካሴቱን ወደ ኋላ ሲያጠነጥን ሰማሁት። በዚያ ጥሪ ሁሉ ጥርት ብሎ የተሰማኝ ያ የዴኩ ድምፅ ብቻ ነው።