ለወግ የቆመው ምሰሶ

ከሰዓት በኋላ ደመና ፀሐይዋን ሲጋርዳት የጣራው ቆርቆሮ ይንጣጣል። ሲሞቅ የዋለ ቆርቆሮ ሲበርድ ድምፅ እንደሚያሰማ አውቃለሁ። ቢሆንም በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ስሰማው የያዝኩትን አስቀምጬ ቀና እላለሁ። ትናንት አንቺ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ከወልቂጤ ደውለሽ የገዛሽውን አሮጌ ቤት ሳሎን ለማስፋት የመሃሉን ግድግዳ ላፈርሰው ነው ስትይኝ ቆርቆሮው እየተንጣጣ ነበር። ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ቀና አልኩ።

ይህን የቡታጅራውን ቤት አባቴ ሲያሠራ እኔ ገና ፊደል እቆጥር ነበር። ግድግዳው እርጥብ የባሕር ዛፍ ቋሚ በማገር ተያይዞ በጭቃና በጭድ የተመረገ ነው። የጭዱ ሽታ ክረምት በገባ ቁጥር እንደገና ይነሳ ነበር። ጣራው ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጋ አግዳሚ እንጨት ላይ ስላረፈ መሃሉ ላይ ምሰሶ አያስፈልገውም። አያቴ ግን ከገጠር፣ ከክብ ቤቷ መጥታ ያንን ባዶ መሃል ስታይ አልገባም አለች። አገር ቤት የሚመረቀውም የሚታረቀውም ምሰሶ ሥር ነው። ምሰሶ የሌለው ቤት ለእሷ መጋዘን ነበር።

አባቴ አናጢውን ለመነው። አናጢው የመስቃን ሰው፣ ጎረቤታችን ነበር። ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፎ የጽድ ግንድ አቆመላት። በግንዱ ጫፍና በአግዳሚው መሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። «ጣራው አያውቀውም፤ እሳቸው ይወቁት» ብሎ እየሳቀ እንደሄደ አባቴ ይነግረን ነበር።

አያቴ ሲመሻሽ ጀርባዋን ለምሰሶው ሰጥታ ትቀመጣለች። እኔ አድጌ ሁለተኛ ደረጃ በገባሁበት ክረምት «ዛሬ ከብዶታል» ማለት አመጣች። አባቴ፣ «እማዬ፣ እሱ እኮ ምንም አልተሸከመም» ይላታል። እጇን ወደ ኋላ አዙራ እንጨቱን ትዳብሰዋለች። እርጅና ነው አልን። በዚያው ዓመት አረፈች። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይከለክለን ምሰሶው ሥር የሚቀመጥ ጠፋ። ማታ ማታ ከዚያ በኩል ሲጥ የሚል ነገር ይሰማኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

የእኔ ሰርግ የተቆረጠው ከመስቀል ቀጥሎ ለሚውለው እሑድ ነበር። ለመስቀል ገጠር የገቡት ዘመዶች ዓርብ ከሰዓት ወደ እኛ ይመጣሉ። ታላቅ ወንድሜ፣ አባትሽ፣ ምሰሶው መሃል ተገትሮ ሙሽራ ይጋርዳል፣ ይነሳ አለ። አያታችንም ስለሌለች አባቴ ፈቀደ።

አናጢው ዓርብ ጠዋት መጥቶ ብዙ ቆየ። የግድግዳውን ሥር በብረት ወጋ ወጋ ሲያደርገው ብረቱ ያለ ትግል ይገባል። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቶ የምሰሶውን ጫፍ አየና ቀስ ብሎ ወረደ።

«ይሄ እንዲህ በቀላሉ አይነካም። ጣራው ተኝቶበታል» አለ።

ወንድሜ ሳቀበት። «ጋሼ፣ ለአሮጊቷ ማስደሰቻ ነው ያሉት ራስዎ አይደሉ እንዴ? አሁን ሥራ ያዘ? እንግዲያው ደመወዝ እንቁረጥለታ።»

«ያኔም እውነቴን ነው፣ ዛሬም እውነቴን ነው። ያኔ ጣቴ በገባበት ዛሬ ወረቀት አይገባም።»

ነገሩን ለአባቴ አስረዳው። የግድግዳው ቋሚዎች አፈር ውስጥ የተቀበሩ ስለሆኑ ምስጥ እግራቸውን በልቶት ቤቱ ዙሪያውን ቀስ እያለ ሰምጧል። ምሰሶው ድንጋይ ላይ ስለቆመ ባለበት ነው። ጣራው ሲወርድ ሲወርድ እሱን አገኘ። ማንሳት ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ አግዳሚው ግራና ቀኝ በወፍራም እንጨት ይደገፋል፣ የግድግዳው እግር ይታደሳል፣ ምሰሶው የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ድጋፉን ከጁምአ መልስ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ። አባቴም ድንኳን ሊያይ ወጣ።

ወንድሜ፣ እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ስላበጠ ነው እንጂ ሌላ ምንም የለውም አለ። እንግዶቹ ሳይደርሱ ልጨርሰው ብሎ መጥረቢያ አነሳ። ለእኔ ብሎ ነው። እናቴና እኔ ጓሮ ቆጮ እንጨምቅ ነበር። መጥረቢያው ደጋግሞ ተሰማና ቆመ። ከዚያ የመጣው ድምፅ ትልቅ ሰው ደክሞት ቁጭ ሲል የሚያሰማውን ይመስላል። በበሩ አቧራ ወጣ። ወንድሜ አልወጣም።

ሰዎች ከመስጊድ የሚመለሱበት ሰዓት ስለነበር ነጭ እንደለበሱ ገቡ። አግዳሚው ወንድሜን ወገቡ ላይ ይዞታል። አባቴ ሮጦ ደርሶ በብብቱ ሊጎትተው ሲል አናጢው እጁን ያዘው።

«ድጋፉ ሳይቆም ማንም አይንካው።»

«ልጄ ነው» አለ አባቴ።

«ልጅህ ስለሆነ ነው።»

ሰዎቹ አግዳሚውን በትከሻቸው ተሸክመው ቆሙ። አናጢው በሆዱ እየተሳበ አንዱን እንጨት ያቆማል፣ ሥሩ ሽብልቅ ይመታል፣ ወደ ሌላው ይዞራል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ከአቧራው ውስጥ የወንድሜ ድምፅ መጣ።

«እህቴ፣ የሰርግ ልብስሽ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ምንም አልሆነም።»

በሕይወት ወጣ፤ ዳሌው ግን አልቀናም። ሰርጉ ጎረቤት ግቢ ተደረገ። ልብሱን ለበስኩት።

አናጢው ቤቱን አድሶ ምሰሶውንም መልሶ አቆመው። እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። አባትሽ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ከዚህ ጣራ ሥር አልገባም። ለመስቀል ከአዲስ አበባ ሳይመጣ የቀረበት ዓመት የለም፤ ግቢ ይበላ ነበር፣ ማደሪያው ቤርጎ ነበር። ትንሽ ሆነሽ አባዬ ለምን አይገባም ስትይ ሙቀት አይወድም እንልሽ ነበር። እናቴ እስክትሞት በየመስቀሉ ውስጥ አልጋ ታነጥፍለት ነበር፤ ጠዋት ያልተነካውን አንሶላ አጥፋ ትመልሳለች። ቤቱ ለእኔ ከቀረ ወዲህ ማንጠፉም ለእኔ ቀረ።

ስለዚህ ልጄ፣ ግድግዳውን ከመንካትሽ በፊት ላዩ ላይ ምን እንደተኛበት የሚያውቅ ሰው ያይልሽ። የሠራው ሰው ያኔ ያለውን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ቤት ከተሠራም በኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ያልተሸከመው ይሸከማል። ሰው አስወጪ፣ ደግፊ፣ ከዚያ አፍርሺ።

አምና በመስቀል ማግስት ሳይታሰብ ዝናብ ጣለ። አባትሽ ግቢ ተቀምጦ ነበር። ግባ አልኩት። በሩ ድረስ መጥቶ ወደ ላይ አየና «እዚሁ ይሻለኛል» አለ። ከደጃፉ ውጭ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ወንበር አወጣሁለት፤ ለእኔም አወጣሁ። ክትፎውን ጉልበታችን ላይ አድርገን በላን። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውሃ የሁለታችንንም እግር ያረጥበው ነበር። «እግርሽን ሰብስቢ፣ ብርድ ይመታሻል» አለኝ። አልሰበሰብኩም።

በጥር ቀበርነው። ዘንድሮም መስቀል ላይ ዘነበ። ምሳዬን ይዤ ውስጥ ተቀመጥኩ። እግሬ አልረጠበም።