እናቴ በእጇ የምታውቀው ቤት

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከኢትዮጵያ ኬንያ ሲመላለስ ኖሮ፣ በመጨረሻ ሞያሌ ላይ፣ በኬንያው በኩል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ዳበል በሚወስደው መንገድ ዳር ቤት ሠራ። ድንጋዩን በመኪናው ላይ ትርፍ ቦታ ባገኘ ቁጥር እየጫነ ስላመጣው ሥራው ዓመታት ፈጀ። ዘጠኝ ክፍል፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ ጓሮው ውስጥ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ ነበረው። በሮቹን ከየደረሰበት ከተማ ስለገዛቸው አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ደግሞ ጎንበስ ካላሉ ግንባር የሚመታ።

አባቴ ሲሞት ወንድሜ ናይሮቢ ስለነበር እዚያ ቤት እናቴና እኔ ብቻ ቀረን። የእናቴ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። ለማያውቃት ግን አያስታውቅም። የበሮቹን መቃን በመዳፏ እየነካች ከመኝታ ቤት እስከ ጓሮ ትሄዳለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ጣራው የት ጋ እንደሚያፈስ ከእኔ ቀድማ ታውቃለች።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ቀኑን ሙሉ አስተምሬ ስመለስ ያ ሁሉ ባዶ ክፍል ይጠብቀኛል። ሞባይል ገና አዲስ ነበር፤ ከከተማው ዳር ስለሆንን ኔትወርኩ እንኳ አይደርሰንም። ሰው መሃል መኖር ፈልጌ ነበር። ስለዚህ ወንድሜ መጥቶ "እንሽጠውና ማዶ፣ ኢትዮጵያ በኩል፣ ትንሽ ቤት ተከራዩ" ሲል አልተቃወምኩም። የውጭው በር ላይ በስዋሂሊ የሚሸጥ ቤት ብሎ ጻፈ።

እናቴ የቀለሙ ሽታ ሲደርሳት "ምን እየቀባችሁ ነው?" አለችን።

"በሩ ዝጎ ነው" አልኳት።

እውነቱን የነገርኳት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። "ካላችሁ እሺ" አለች።

ብዙ ሰው አይቶ ሄደ። በመጨረሻ ቦሪ ከሚባል መንደር አንድ ጎልማሳ የከብት ነጋዴ መጣ። አማርኛውን ከኦሮምኛ እየቀላቀለ ይናገራል። ቤቱን ያሳየችው እናቴ ራሷ ናት። "እዚህ ጋ ጎንበስ በል ልጄ" ትለዋለች፤ ነፋስ የሚገባበትን መስኮት፣ ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ ትነግረዋለች። በረንዳው ላይ ስትወጣ ወንድሜ ከቦታው ያዛወረው ወንበር አደናቀፋትና በጉልበቷ ወደቀች። ሰውየው ደግፎ አነሳት። እንደማታይ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ስሸኘው በሩ ጋ ቆመ። "እናትሽ ወዴት ሊሄዱ ነው?"

"ማዶ ሁለት ክፍል ተከራይተናል።"

"ቤቱን እገዛለሁ። በጓሮ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ግን የሳቸው ይሁኑ፣ ዕድሜ ልካቸውን። ኪራይ አልፈልግም። ንገሪያቸው።"

"እነግራታለሁ" አልኩት።

አልነገርኳትም። ብነግራት እንደምትቀር አውቃለሁ፤ እሷ ከቀረች እኔም እቀራለሁ። በማግስቱ ለሰውየው "እናቴ አይሆንም ብላለች" አልኩት።

ማዶ የተከራየነው ቤት ግቢው የብዙ ሰው ነው። ጎረቤቶች ባልዲያቸውን፣ ከሰል ማንደጃቸውን በየቀኑ ሌላ ቦታ ያስቀምጣሉ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን ግድግዳውን እየተከተለች ልትለምደው ሞከረች። በየጠዋቱ "ልጄ፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?" ትለኛለች። በየጠዋቱ እጇን ይዤ እወስዳታለሁ። ውላ አድራ መጠየቁንም ተወችው፤ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ መዋል ጀመረች። አንድ ቀን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች፣ "ያ ሰውዬ ስለ እኔ ምንም አላለም?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ምንም" አልኳት።

ዓመት ሳይሞላት እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ብቻዋን ልትወጣ ስትል ደረጃው ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። ስትሞት እጇ የአልጋውን ጠርዝ ይዳብስ ነበር።

ነጋዴው ለቅሶ መጣ። ወንድሜ አጠገብ ተቀመጠ፤ እኔ ሻይ እያቀረብኩ ነበር። "ሁለቱን ክፍል እስካሁን ማንንም አላስገባሁባቸውም" አለው። "ምናልባት ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል ብዬ ነበር።"

ወንድሜ ምንም አልገባውም። ሰውየው ከሄደ በኋላ ጠራኝ። "ክፍል ሰጥቷት ነበር እንዴ? እምቢ ያለችው እሷ ናት?"

"አዎ" አልኩት፤ "እሷ ናት።"

"ድሮም ግትር ነበረች" አለና አለቀሰ።