ከአጥሩ ውስጥ የመጣ እግር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ካረን የነገረችኝ አንድ ደንብ ብቻ ነበር። «እንግዳው ‹እኔ› ካለ አንተም ‹እኔ› በል፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። ‹እሱ እንዲህ አለ› ማለት ከጀመርክ አስተርጓሚ ሳትሆን ወሬ አቀባይ ነህ» አለችኝ። ቢሮው አሌክሳንድሪያ፣ ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ ብዙ ሳይርቅ፣ ከሥሩ ፓርኪንግ ያለው የጡብ ሕንፃ ላይ ነበር። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሆነ ቀዩን መስመር ይዤ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው መቀየር ነበረብኝ። ክራባቴን ያሰርኩት ባቡር ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ታክሲ ነበር የምነዳው። በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ ተልኬ የማዕድን ምህንድስና ተምሬያለሁ። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ግን ምህንድስናዬንም ሆነ ሩሲያኛዬን የፈለገ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ከኤርፖርት ሁለት ሩሲያውያን ጫንኩ። የሆቴላቸው ስም ጠፍቷቸው ሲጨቃጨቁ በቋንቋቸው ገባሁበት። ሆቴሉ በር ላይ ስትጠብቃቸው የነበረችው ካረን እኔና እንግዶቿ እየሳቅን ስንወርድ አየችን። በሳምንቱ ኮል አደረገችልኝ።

በእኛ ሥራ ሦስት ማዕረግ አለ። ታችኛው አጃቢ ነው፤ እንግዳውን ይዞ ይዞራል፣ ምግብ ያዝለታል፣ ሲያመው መድኃኒት ቤት ያደርሰዋል። መካከለኛው የስብሰባ አስተርጓሚ ነው፤ ተናጋሪው ሲያቆም እሱ ይቀጥላል። የላይኛው የጉባኤ አስተርጓሚ ይባላል፤ የመስታወት ክፍል ውስጥ ሆኖ ከተናጋሪው እኩል ይናገራል። እኔ ከአጃቢነት ተነሥቼ መካከለኛው ላይ ደረስኩ። ከዚያ በላይ አልወጣሁም።

እንግዶቻችን የሚመጡት በሶቪየት ዘመን በካርታ ላይ ካልነበረች ከተማ ነው። በአጥር የተከበበች የኒውክሌር ምርምር ከተማ ነበረች። ስሟን እዚህ አልጠራም፤ እነሱም ለብዙ ዘመን ሳይጠሯት ኖረዋል። የእኛ ቢሮ ሥራ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለቦምብ ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች ሌላ እንጀራ እንዲያገኙ ከአሜሪካ ኩባንያዎች ጋር ማገናኘት ነበር።

ከሁሉም የማልረሳቸው ጋሊና ፔትሮቭናን ነው። የብየዳ መሐንዲስ ናቸው። አጭር፣ ቡናማ ኮት የማይለያቸው፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሴት ነበሩ። ሩሲያኛም እንደ እኛው ቋንቋ አንቱታ አለው፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ አንቱ አልኳቸው።

ያረፉት ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። ጠዋት ጠዋት በቢሮው ቫን ወደ አሌክሳንድሪያ ስወስዳቸው ቤልትዌይ የሚባለው የቀለበት መንገድ ላይ ትራፊክ ይይዘናል። ያን ጊዜ ያወሩኛል።

«እናቴ የት እንደምኖር ሳታውቅ ሞተች» አሉኝ አንድ ጠዋት። «ደብዳቤ የምትልክልኝ በሌላ ከተማ ስምና በቁጥር ነበር። ባሌና እኔ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስንሠራ ኖረን እሱ ምን እንደሚሠራ የሰማሁት ጡረታ ሲወጣ ነው።»

«ኑሮውስ እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ? ሌላው አገር ለቋሊማ ሲሰለፍ የእኛ ሱቅ ሙሉ ነበር። ሐይቅ አለን፣ ቲያትር ቤት አለን፣ በር የሚቆልፍ ሰው አልነበረም። ኋላ መንግሥት ሲወድቅ ደሞዝ ቀረ። የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ ድንች መትከል ጀመረ። እኔም ተከልኩ።»

«አጥሩስ ፈረሰ?»

«አልፈረሰም። ድሮ ምስጢር እንዳይወጣ ነበር፤ አሁን ሌባ እንዳይገባብን ነዋሪው ራሱ ‹አትንኩብን› አለ።» ይህን ብለው ሳቁ።

ፋብሪካው ውስጥ የሚመሩት የብየዳ ክፍል ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። የዚያ ክፍል በያጆች ቲታኒየም የሚባለው ብረት ላይ የሠሩትን የሚያህል ብየዳ ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም፤ ከመጋጠሚያው ላይ ጣትህን ብታሳልፍ የት እንደተበየደ አትለይም። ጋሊና ፔትሮቭና እነዚህን ሰዎች ሰብስበው ሰው ሠራሽ እግር ማሠራት ጀመሩ፤ ከቁርጭምጭሚት በታች ያለውን መርገጫ። ናሙናውን በፎጣ ጠቅልለው ነው ያመጡት። በዚህ ጉዞ ገዢ ካልተገኘ ክፍሉ እንደሚዘጋ አብሯቸው የመጣው የፋብሪካው ኃላፊ ዩሪ ነግሮናል።

ገዢ ይሆናል የተባለው ሚስተር ሃሪስ ነበር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሰው ሠራሽ እግር የሚገጥም ክሊኒክ አለው። ከስብሰባው በፊት ካረን ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«ክፍሌ፣ ሴትዮዋ ጥሩ ጥሩውን መናገር አይሆንላቸውም። ትንሽ አለስልስላቸው።»

«ካረን፣ ያስተማርሽኝ እንደዚህ አይደለም» አልኳት። ፈገግ ብላ ትታኝ ሄደች።

ሃሪስ ናሙናውን አገላብጦ አየና «ቆንጆ ነው። ጉድለቱ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ተረጎምኩ። ጋሊና ፔትሮቭና ዓይናቸውን ገለጡ።

«ብርድ ሲመታው ተረከዙ ላይ ያለው ጎማ ይደርቃል። ቁልቁለት ላይ ሰውየውን ወደፊት ይገፋዋል። ሁለት ናሙና ተሰንጥቆብናል፤ ለምን እንደሆነ የአንዱን አውቀናል፣ የሌላውን ገና ነን።»

ዩሪ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ በሩሲያኛ «ይህን አትተርጉም» አለኝ።

አስተርጓሚ ስብሰባ ላይ የተነገረውን ሁሉ ይተረጉማል። እኔም መጀመሪያ የእሳቸውን ቃል በሙሉ፣ ቀጥዬ የዩሪን «ይህን አትተርጉም» ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ።

ካረን ጣሪያውን አየች። ሃሪስ በሳቅ ፈረሰ፤ ዩሪም ቀልቶ ቆይቶ አብሮ ሳቀ።

«እስከ ዛሬ ዕቃው እንደሚሰነጠቅ የነገረኝ ሻጭ የለም» አለ ሃሪስ። «ግን በቃል ብቻ አላዝም። ቁልቁለት የሚወርድበት ሰው እፈልጋለሁ። የሚሰማውን ሳይደብቅ የሚነግረኝ።»

ያን ጊዜ ለራሴ ለመናገር ፈቃድ ጠየቅሁ። አስተርጓሚ የራሱን ሐሳብ ሲናገር አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት። «እንዲህ ዓይነት ሰው አውቃለሁ፤ ልጠይቀው» አልኩ።

ከሕንፃው ሥር ፓርኪንጉን የሚጠብቁት ጋሽ ተሾመ ናቸው። ወታደር ሳሉ ፈንጂ ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ወስዶባቸዋል። የገጠሙት ሰው ሠራሽ እግር ከባድ ስለነበር ከትኬት መቁረጫ ዳሳቸው ወደ ታችኛው ፎቅ ሲወርዱ ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፈው ነው። በምሳ ሰዓት ወረድኩ።

«ጋሽ ተሾመ፣ ላስቸግርዎ ነው። እንግዶቼ አዲስ እግር ሠርተዋል፤ የሚሞክርላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ሐኪሙ እዚሁ ቅርብ ነው።»

«እንግዶችህ የትኞቹ? እነዚያ ሩሲያኖቹ?»

«አዎ።»

«ቦምብ ይሠሩ የነበሩት?»

«አሁን እግር ነው የሚሠሩት።»

ጋሽ ተሾመ የመኪና ትኬት እየቆረጡ ትንሽ አሰቡ። «የሚቆርጠውንም የሚቀጥለውንም ያውቁታል በለኛ» አሉኝ። ከዚያ «ሺፍቴን የሚይዝልኝ ሰው ካገኘሁ እመጣለሁ» አሉ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ውስጥ ሃሪስ እግሩን እየገጠመ ሳለ ጋሊና ፔትሮቭና «ሰውየው ስለ እኛ ምን አሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄውን ለጋሽ ተሾመ አስተላለፍኩ። «ንገራቸው፤ አልደብቅም» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«እውነታቸውን ነው» አሉ ጋሊና ፔትሮቭና። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክከው የጋሽ ተሾመን ጫማ በእጃቸው አጠለቁላቸው። ጋሽ ተሾመ ደንግጠው «ኧረ ተይ እህቴ፣ ተነሺ!» አሉ። ይህንንም ቃል በቃል ተረጎምኩ።

መጀመሪያ ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ተራመዱ። ደህና ነበር። ከዚያ ሁላችንም ወደ ፓርኪንጉ ሄድን፤ የመኪናው መውረጃ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው። ጋሽ ተሾመ ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ግድግዳውን ያዙ።

«ይገፋኛል» አሉ። «ተረከዙ እንደ ድንጋይ ነው።»

«የት ላይ?» አሉ ጋሊና ፔትሮቭና።

«እዚህ፣ ከኋላ። ስረግጥ እሺ አይልም።»

ከአማርኛ ወደ ሩሲያኛ፣ ከሩሲያኛ ወደ አማርኛ እየተመላለስኩ እንግሊዝኛውን ረስቼዋለሁ። ሃሪስ ከኋላዬ «ለእኔም ንገረኝ እንጂ!» ይላል።

ከሰዓት በኋላ ከጋሊና ፔትሮቭና ጋር የግንባታ ዕቃ መደብር ሄድን። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጥርሳቸው እየነከሱ መረጡ። ሻጩ ግራ ገብቶት ያየናል። ሞረድና ስለታም ቢላ ጨመርን። ክሊኒኩ ጠረጴዛ ላይ ተረከዙን አውልቀው አዲሱን ጎማ በቢላው ቆረጡት፣ ሞረዱት፣ መልሰው አሰሩት። ሃሪስ ኮቱን አውልቆ ይይዝላቸው ነበር። ሁለቱም በየቋንቋቸው እያወሩ ይግባባሉ፤ እኔ ሥራ ፈታሁ።

ጋሽ ተሾመ ለሁለተኛ ጊዜ መውረጃው አናት ላይ ሲቆሙ ዩሪ እንኳን ሲጋራውን ረስቶት ነበር። ወረዱ። መሐል ላይ ግድግዳውን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ታች ደርሰው ዞሩ።

«ምን ተሰማዎት?» አልኳቸው ጮክ ብዬ።

«ትንሽ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል» አሉ። «ግን አልፈራሁም። ንገራቸው፣ አልፈራሁም በላቸው።»

ጋሊና ፔትሮቭና ሲጢጥ እንደሚል ሲሰሙ «ብሎኑ ነው» ብለው ወደ ታች ሮጡ። በዚያ ዕድሜ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሃሪስ ለጅምር ጥቂት አዘዘ። እያደር ጨመረ። ክፍሉ አልተዘጋም፤ ሁሉንም ሰው ማቆየት ግን አልቻሉም፣ አንዳንዶቹ በያጆች ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። ጋሊና ፔትሮቭና ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡ። በመጡ ቁጥር ከሁሉ በፊት ዳሱ ጋ ሄደው የጋሽ ተሾመን ተረከዝ ያያሉ፤ ያረጀውን ጎማ ይቀይራሉ። ጋሽ ተሾመም ከአጥር ውስጥ ስለ መኖር ይጠይቋቸዋል። «ወታደር ቤትም እንዲሁ ነው» ይሏቸው ነበር።

በኋለኞቹ ዓመታት ሁለቱ መንግሥታት ተቀያየሙ። እንግዶች መምጣታቸው ቀረ፣ ፕሮግራሙ ታጠፈ፣ ቢሮው ተዘጋ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለሐኪሞች አማርኛ ማስተርጎም ጀመርኩ። ጋሊና ፔትሮቭና ጡረታ ወጡ፤ ቦታቸውን የያዘችው አብራቸው ስትበይድ የነበረች ሴት ናት።

ከእኔ በኋላ ወደዚህ ሥራ ለገባችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ጉድለት ሲነገር ሰምታችሁ አታለሳልሱ። የሚጠገነው የተሰማ ጉድለት ነው።