ትንፋሽ ያለው በር

ሰሞኑን በአዋሽ ዋና መንገድ ላይ ያለን ባለሱቆች በሮቻችንን ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ እንድንቀባ ታዘዝንና፣ ጣሳውን በካቻቢቴ ፈልቅቄ የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ፊቴ የተደቀነችው እናቴ ሆነች፤ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ እስከ ክርኗ ቀይና አረንጓዴ ተለቅልቃ፣ ይህንኑ የሱቃችንን የቆርቆሮ በር በብሩሽ እጀታ እየደበደበች።

እናቴ ዘይነባ ከወሎ ስትመጣ ከሁሉ በላይ ይዛ የመጣችው መንዙማዋን ነበር። በሩን ስትቀባ መጀመሪያ ታንጎራጉራለች፤ ድቤው ጠንከር የሚልበት ቦታ ትልቅ ቀይ ሦስት ማዕዘን፣ ለስለስ የሚልበት ትንንሽ አረንጓዴ፣ ጭብጨባው ሲደራረብ ደግሞ ቀጫጭን ቢጫ መስመር እያደረገች ከላይ እስከ ታች ትወርዳለች፤ እኔም ጣሳ ይዤ አብሬያት ስወዛወዝ ግማሹን ቀሚሴ ላይ እደፋዋለሁ። ወደ ሰመራ የሚያልፉት ሾፌሮች በሩ ከመኪናቸው ጡሩምባ የባሰ ይጮሃል እያሉ ሲቀልዱባት ትስቃለች። ጎረቤቶቻችን ሰው የሚገባው ነገር፣ ግመል እንኳ፣ እንድትስል ሲመክሯት ግን ትቆጣ ነበር።

"ግመል ያማረው ገዋኔ ገበያ ይሂድ!"

አንድ ቀን መሐል ላይ አንዱን ሦስት ማዕዘን ሳትቀባ ትታ ለዙሁር ሶላት ገባች። አንድ ደግ የመኪና ረዳት ቀለም ያለቀባት መስሎት፣ ከመኪናው የተረፈ ሰማያዊ አምጥቶ ሞላላት፤ ምርቃት ሲጠብቅ ቢላዋ ይዛ ወጣች። ምስኪኑ ሊሮጥ ሲል እሷ በሩን መፋቅ ጀመረች።

"መንዙማው እዚህ ጋ ነው ትንፋሽ የሚወስደው፤ ትንፋሹን ደፈንክብኝ እኮ ልጄ!"

ባዶ ቦታም እንደሚዜም የገባኝ ያን ቀን ነው።

እሷ ካለፈች ወዲህ በየጊዜው እያደስኩ በሯን አቆይቼዋለሁ። ዛሬ ሌላ ሰው እንዲነካው ስላልፈለግኩ ግራጫውን በገዛ እጄ ለቀለቅኩት፤ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ሲሸፈን መንዙማዋን ላንጎራጉር ሞከርኩ፣ ግን ድምፄ የእሷን አያህልም፣ ግጥሙም ግማሹ ጠፍቶብኛል። አለቀስኩ፤ ከዚያም በጣም ተናደድኩ።

አስር ሰዓት ላይ ሥራውን ሊያይ ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ወጣት፣ መሐል ላይ ሳትቀባ በቀረችው ሦስት ማዕዘን ላይ ጣቱን አሳረፈ።

"እትዬ፣ ይቺን ረስተዋታል።"

"አልረሳኋትም።"

ብሩሹን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ጣሳውን ከደንኩና በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

"ቀለሟን ወስዳችኋል፤ ትንፋሿን ግን አልሰጥም።"