ከግድግዳው ወዲያ ያሉት እማሆይ

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ካናዳ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ካለው ሕንፃችን ምድር ቤት ልብስ ሳጥብ፣ አንዲት አዲስ ጎረቤት አጠገቤ አንሶላ ታጥፋለች። በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ አገርሽ የት ነው ብላት፣ "ኪቶ፣ ኢኳዶር" አለችኝ። "አውቀዋለሁ፤ አድሬበታለሁ" ብላት ሳቀች። ያመነችኝ አይመስለኝም። አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘን አብረን አጠፍነውና ወደ ላይ ወጣሁ። 

ኪቶ ስሄድ ፀጉሬ ገና ጥቁር ነበር። ልጄ ሰላም ስፖንሰር አድርጋ ወደ ካናዳ ስታመጣኝ፣ ታናሽ ወንድሟ ዳዊት ዕድሜው አልፏል ተብሎ ቀረ። እሱ ደግሞ አርፎ መቀመጥ አያውቅም። በዚያን ጊዜ ኢኳዶር ቪዛ አይጠይቅም ነበርና፣ እዚያ ወርዶ በእግርም በመኪናም ወደ እኛ ሊመጣ ተነሣ። መጨረሻ የደወለልኝ ከኪቶ ነው።

"እማዬ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ከገበያው በላይ የሴቶች ገዳም አለ። ሾርባ ይሰጡናል፣ አታስቢ።"

ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። በረዶው መጥቶ ሄደ፤ ዝም።

ሰላም ኢቶቢኮ የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ ትሠራ ነበር። ዕረፍት ስለማይሰጧት፣ ዳዊትን ፍለጋ ዓርብ ወደ ኪቶ በረን እሑድ ልንመለስ ተነሣን። አብረዋት ከሚሠሩ ሴቶች የለቀመቻት ትንሽ ስፓኒሽ ነበረቻት፤ እሷን ተማምነን ነው።

ኪቶ ዳገት ነው። ቤቱ ነጭ፣ መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ፤ በየማዕዘኑ በቆሎ ይጠበሳል፣ ከሰዓት ላይ ካፊያ ይወርዳል። ተራራው ላይ ባሕር ዛፍ አየሁና፣ ይሄንን ደግሞ ማን አምጥቶት ይሆን እያልኩ ቆምኩ። ሰው ልቡ ተሰቅሎም ዛፍ ያያል። ሰላም ታለከልካለች።

"ጂም እሄዳለሁ ትያለሽ፣ ይኸው!" አልኳት። በዚያ ጉዞ የሳቅነው ያኔ ብቻ ነው።

ገዳሙ በር ላይ ስንደርስ እንደ ልማዴ ጫማዬን አወለቅኩ።

"እማዬ፣ ጫማሽን አድርጊ! ሰው እያየን ነው።"

"ይየና! ገዳም በጫማ ልግባ?"

ውስጥ ሰው የለም። እነዚያ መነኮሳት አንዴ ከገቡ ፊታቸውን ለሰው አያሳዩም፣ የሰውም አያዩም። ግድግዳው ላይ እንደ በርሜል የሚሽከረከር የእንጨት ሣጥን አለ። ገንዘብ አስቀምጠው ሲያዞሩት፣ ከወዲያ በኩል መነኮሳቱ የጋገሩት ጣፋጭ ይመጣል። ለተራበ ሾርባ የሚሰጡትም በዚያው ነው። ሰላም የዳዊትን ፎቶ አስቀምጣ አዞረችው። ቆይቶ ፎቶው ተመለሰ፤ ያረጀ የሴት ድምፅ ተከተለው።

"ምን አሉ?"

"የሚመጡትን ሰዎች ፊት አይቼ አላውቅም፣ በፎቶ አልለየውም አሉ። ዳዊት የሚባልም አልሰማሁም ነው የሚሉት።"

ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። የቀረኝ ጸሎት ብቻ ነው ብዬ፣ በገዳም ደንብ የክርስትና ስሙን ልሰጥ ተነሣሁ። አፌን ወደ ሣጥኑ አስጠግቼ በአማርኛዬ፣ "እማሆይ፣ ወልደ ገብርኤል ብለው ያስቡልኝ" አልኩ።

 ከወዲያ ያ ድምፅ፣ "ወልደ ገብርኤል" አለ፤ ሳይደናቀፍ፣ ብዙ ጊዜ ሲለው እንደኖረ። ለጸሎት ስምህን ስጠን ሲሉት ልጄ የዓለም ስሙን ትቶ ያንን ሰጥቷቸው ኖሯል። እኔው ነኝ ያስተማርኩት። ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩ ሰው፣ ሌላ ምን አስተምረዋለሁ? ሰላም እያለቀሰች ተረጎመችልኝ፤ ጫካ ላቋርጥ ነው፣ ለመንገዴ ጸልዩልኝ ብሏቸው ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ያነሡታል።

ደስታው ከአፌ ሳይወጣ እማሆይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁ። ሰላም ሳትተረጉም ፎቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ምን አሉ? ንገሪኝ እንጂ!"

"'ደረሰ ወይ?' ነው የሚሉት።"

እኛ ልንጠይቃቸው መጥተን እሳቸው ጠየቁን። እጄን እንጨቱ ላይ አደረግሁ።

"ገና መንገድ ላይ ነው በያቸው" አልኳት።

ከዚያ ወዲያ የልጄ ወሬ አልተሰማም። ሰላም አሁን የልጆች እናት ሆናለች። "እማዬ፣ ፍትሐት እናስደርግለት፤ ላንቺም ይቅለልሽ" ትለኛለች። እውነቷን ይሆናል። እማሆይም ያኔ አርጅተው ነበር፤ አልፈው እንደሆነ ስሙን ለሌላዋ አስረክበው ነው የሚያልፉት ብዬ አምናለሁ። እዚያ ግድግዳ ጀርባ የማላውቃቸው ሴቶች መንገደኛ ብለው እየጠሩት፣ እኔ እናቱ ቀድሜያቸው ከሙታን ጋር ላስጠራው? አፌ እምቢ ይለኛል።